ዕቃው የእኔ፣ ቋንቋው የማን?

አንድ ገበሬ በሬ ሸጠ እንበል። ገበያው የእስቴው መካነ ኢየሱስ፣ የስማዳው ወገዳ ወይም የታች ጋይንቱ አርብ ገበያ ሊሆን ይችላል። ገዢው የበሬውን ጥርስ አየ፤ ሻኛውን ዳሰሰ፤ ወዲያና ወዲህ አስነድቶ አረማመዱን ተመለከተ፤ በዋጋ ተከራክሮ ገንዘቡን ቆጠረ። ገመዱን ሊቀበል ሲል ግን ሁለት ነገር ጠየቀ፤ "ስሙ ማነው? የሚጠመደውስ በቀኝ ነው በግራ?" ሻጩ ፈገግ ብሎ፣ "በሬውን ሸጥሁልህ እንጂ ስሙን አልሸጥሁልህም" አለና ተሰናበተው።

ገዢው በማግስቱ ጠምዶ ማሳ ቢወርድ በሬው አይሰማውም። በለመደው ስም የሚጠራው የለም፤ ባልለመደው ጎን ተጠምዷልና ቀንበሩን ይታገላል። ጉልበቱ ሙሉ ነው፤ ሰኮናው ደኅና ነው፤ ግን አያርስም።

ለመሆኑ ይህ ሻጭ ሌባ ነውን? በሬውን አስረክቧል። ስለ ዕድሜው አልዋሸም፤ ሕመሙን አልሸሸገም። በሕግ ፊት ቢቆም ምናልባት በነጻ ይሰናበት ይሆናል። ሆኖም ሰውዬው አንድ ነውር እንደሠራ ለማንኛችንም ይሰማናል። ያ ነውር በትክክል ምን ላይ እንዳለ መናገር ግን እንደሚሰማን ቀላል አይደለም።

እንዲህ ያለ በሬ ሻጭ በእውነተኛው ገበያ እንደማይገኝ አውቃለሁ። በገበሬው ዘንድ ስሙን መንገር የሽያጩ አካል ነው። ስሙን ሳይናገር የሚሸጠው ነጋዴ የሚገኘው በሌላ ገበያ ነው፤ በኮምፒዩተር ገበያ። ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ነጋዴ፣ እርሱም ስለፈጠረው የሞራል ጥያቄ ነው። ዕውቀትን መደበቅ መቼ መብት፣ መቼስ በደል ይሆናል?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኮምፒዩተሩ ሆድ መግባት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ ኔትወርክ ካርድ ይባላል። በሽቦ የሚያገናኝ አለ፤ እንደ ሬዲዮ በአየር ላይ የሚያገናኝም አለ፤ ይህኛውን ከተሜው "ዋይፋይ" እያለ ይጠራዋል። ካርዱ በራሱ ፈቃድ ምንም አያደርግም። የኮምፒዩተሩ ዋና አዛዥ፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ "ይህን መልእክት ላክ፣ ያንን ተቀበል" ሊለው ይገባል። አዛዡ ግን የየካርዱን ቋንቋ አያውቅም። በዓለም ላይ የተሠራው የካርድ ዓይነት ስፍር ቁጥር የለውምና ሁሉን ላውቅ ቢልም አይችልም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ይቆማል። ፈረንጆቹ "ድራይቨር" ብለውታል፤ ሾፌር ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሥራው ከሾፌር ይልቅ ለአፈ ንጉሥ ይቀርባል። በጥንቱ ሥርዓት ንጉሡ በአደባባይ በቀጥታ አይናገሩም ነበር፤ ቃላቸውን ለሕዝብ የሚያሰማው አፈ ንጉሡ ነበር። አፈ ንጉሡ ከሌለ ትእዛዙ ከዙፋኑ አያልፍም፤ ባለጉዳዩም ደጅ ቆሞ ይቀራል። ድራይቨር የሌለው ካርድም እንዲሁ ነው፤ አለ፣ ግን የለም።

ድራይቨሩ የሚያውቀው ነገር ሲታይ ምሥጢር የሚባል አይደለም። ካርዱ ስንተኛው በር ላይ እንደተቀመጠ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚቀሰቀስ፣ መልእክት ሲደርሰው በምን ምልክት "ደርሶኛል" እንደሚል ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ኖቬል የተባለው ኩባንያ ያስተዋወቀው ኤንኢ2000 የተሰኘ ካርድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሠራሩ የታወቀ ስለነበር ሌሎች ፋብሪካዎች ተቀብለው እጅግ ብዙ አምሳያዎቹን በርካሽ አመረቱ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ከኮምፒዩተር ጋር የሚውሉ ሰዎችም ድራይቨሩን ራሳቸው ጻፉለት። ችግር አልነበረበትም ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን የካርዱን በርና ምልክት የሚወስነው ባለቤቱ ነበር፤ በካርዱ ላይ በሚሰኩ ጥቃቅን የብረት ማገናኛዎች ወይም አብሮ በሚመጣ ፕሮግራም። ካርዱ 3ኛውን የጥሪ መስመር ከያዘ፣ ያው መስመር የሁለተኛው ሲሪያል ወደብ ነውና፣ እዚያ ላይ የተሰካ ሞደም ካለ ሁለቱ ይጋጫሉ። አንድ ስም ሲጠራ ሁለት ባለጉዳይ "አቤት" ይላል፤ ማሽኑም ይደነግጥና ቀጥ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነበር። ማገናኛውን አንሥቶ 5ኛው ወይም 10ኛው ላይ ማድረግ ነው። ቀላል የሆነው ግን ስለታወቀ ብቻ ነው። ያልታወቀ ቢሆን ኖሮ ያው ቀላል ነገር ካርዱን ለቆሻሻ መጣያ ይዳርገው ነበር።

"ይህ የሰነፎች ጨዋታ ለእኛ ምናችን ነው?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል ለአዲስ አበባ ተጠቃሚ መቅረብ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ተቋም በተራ የስልክ መስመርና በሞደም የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያመላልስ ነበር። የተጠቀመበት ዘዴ ፊዶኔት ይባላል። ፊዶኔት የመንግሥትም የትልቅ ኩባንያም ሥራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ የጀመረውና በየቤታቸው የተቀመጡ አፍቃሪዎች ያስፋፉት መረብ ነበር። አሠራሩን ገልጠው ባያስቀምጡት ኖሮ አዲስ አበባ ላይ ያለ ባለሙያ ሊጠቀምበት ባልቻለ ነበር። የዚያን ዘመን ደብዳቤያችን ከአገር የወጣው፣ አንድም ብር ሳይከፈላቸው ያወቁትን በጻፉ ሰዎች መንገድ ላይ ነው።

ድርጊቱ ከተቃራኒው ወገን የታየበትም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ላቦራቶሪ ውስጥ ዜሮክስ ሠራሽ የሆነ አዲስ ፕሪንተር ገባ። ፕሪንተሩ ፈጣን ነበር፤ ወረቀት ግን ይቀረቅርበታል። በዚያ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ለቀድሞው ፕሪንተር፣ ወረቀት ሲቀረቀር ተጠቃሚዎቹን የሚጠራ ፕሮግራም ሠርቶለት ነበር። ለአዲሱም እንዲሁ ለማድረግ አሰበና የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ጽሑፍ ፈለገ፤ አልተሰጠም። በሌላ ዩኒቨርሲቲ ጽሑፉ ያለው ተመራማሪ እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ጠየቀው። ሰውዬው ግን ለማንም ላለማሳየት ለኩባንያው ቃል ገብቻለሁ ብሎ መለሰው። ስቶልማን ይህን ታሪክ ደጋግሞ ተናግሯል። ያሳዘነው የፕሪንተሩ መበላሸት አልነበረም፤ አንድ የሙያ ባልደረባ ለአንድ ኩባንያ በገባው ቃል የተነሣ ሌላውን ሰው ሁሉ ላለመርዳት አስቀድሞ መማሉ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያካፍለው የሚችል ሶፍትዌር ለመሥራት ዐዋጅ ያወጣው ከዚህ ቁጭት በኋላ ነው። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ይፋ ሲያደርግ ሁለቱ ተገጣጠሙ፤ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሙሉ ሲስተምም ተገኘ።

ሲስተሙ ቢገኝም ታዲያ ካርዶቹ አላናገሩትም። በተለይ የዋይፋይ ካርድ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ለዊንዶውስ የሚሆን ድራይቨር በሲዲ አዘጋጅተው ሲሸጡ የካርዱን ቋንቋ የሚገልጽ አንድ ገጽ እንኳ ለሌላው አልሰጡም። ከእነዚህ መካከል በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የተገጠመው የብሮድኮም ካርድ ስሙ የታወቀ ነው። ምላሹ የሚያስገርም ነበር። በተለያየ አገር ያሉ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የኩባንያውን ድራይቨር ሥራ እየተከታተለ ካርዱ ምን ሲባል ምን እንደሚመልስ በተራ ቋንቋ ጻፈ። ሁለተኛው ወገን የኩባንያውን ድራይቨር በዓይኑ ሳያይ፣ ያንን መግለጫ ብቻ ይዞ አዲስ ድራይቨር ሠራ። እንዲህ የተካፈሉት "ሰረቃችሁ" እንዳይባሉ ነው። አስቡት፤ የገዛ ካርዳቸውን ለማናገር ሲሉ፣ ከሌብነት ስም ለመራቅ ይህን ያህል ተጠነቀቁ። ኩባንያው ራሱ ለአዳዲስ ካርዶቹ ግልጽ ድራይቨር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ይህ ነገር ከሩቅ ሲወራ ተረት ይመስላል። እኔ ቁም ነገርነቱ የገባኝ በ2004 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ውስጥ ካገኘኋቸው አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። መምህሩ ከውጭ አገር ዘመድ የላከላቸው አሮጌ ላፕቶፕ ነበራቸው። በቫይረስ ስለታመሰ ሊኑክስ ጫኑበት፤ ነፍስ ዘራ። ዓላማቸው ይህን ላፕቶፕ ከአንድ ባልደረባቸው ላፕቶፕ ጋር ያለ ሽቦ ማነጋገርና የፈተና ጥያቄዎችንና መጻሕፍትን መለዋወጥ ነበር። ኢንተርኔት አልፈለጉም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሁለት ማሽኖች እንዲሰማሙ ብቻ ነው። የባልደረባቸው ይሠራል፤ የእርሳቸው ዝም አለ።

አሠራራቸውን ሳይ ዶክተር በሽተኛ ሲመረምር ያየሁ መሰለኝ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀይሩም። የቀየሩትን ሁሉ ሰዓቱን ጨምረው በአንድ ሉክ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። መጀመሪያ ካርዱ በሕይወት አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ካርዱን ነቅለው በሌላ ማሽን፣ በዊንዶውስ ላይ ሞከሩት፤ ሠራ። ስለዚህ ካርዱ ደኅና ነው። ቀጥሎ ሲስተሙ ካርዱን ያየዋል ወይ ብለው ጠየቁ። እያንዳንዱ ካርድ ሁለት መለያ ቁጥሮች አሉት፤ አንደኛው የፋብሪካው፣ ሁለተኛው የዓይነቱ። ሲስተሙን ቢጠይቁት ሁለቱንም ቁጥሮች አነበበላቸው። ስለዚህ አይቶታል። ሦስተኛ፣ ድራይቨሩ ተነሥቷል ወይ? ሲስተሙ ራሱ ውሎውን የሚጽፍበትን መዝገብ ከፍተው አነበቡ። መዝገቡ ቁርጡን ነገራቸው፤ ካርዱን አውቄዋለሁ፣ ነገር ግን ሲነሣ የምጭንለትን ፈርምዌር አላገኘሁም ይላል። ፈርምዌር ማለት ካርዱ በተከፈተ ቁጥር የሚጫንለት የራሱ ውስጣዊ ፕሮግራም ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ድራይቨሩን ቢጽፉም ይህን ቁራጭ ግን ከሊኑክስ ጋር አብሮ ማደል በኩባንያው ፈቃድ አልተፈቀደም። "ከኢንተርኔት ፈልገህ አምጣ" ይላል መመሪያው።

እዚህ ላይ የነገሩ ምጸት ይገለጣል። ከመረብ ጋር የሚያገናኘውን ካርድ ለማስነሣት አስቀድሞ መረብ ላይ መሆን ያስፈልጋል። የቤቱ ቁልፍ ተቆልፎበት የቀረው እቤቱ ውስጥ ነው።

መምህሩ የፋይሉን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ወደ ደብረ ታቦር ለሚሄድ አንድ ወጣት ከፍላሽ ጋር ሰጡ። ወጣቱ ከኢንተርኔት ቤት አውርዶ በአውቶቡስ ተመለሰ። አልሠራም፤ ለቀደሙት ካርዶች የሚሆነው ሦስተኛው እትም ነበር፤ የሚያስፈልገው አራተኛው ነው። እንደገና ወረቀት፣ እንደገና ፍላሽ፣ እንደገና አውቶቡስ። በዚህ መካከል ትዕግሥቴ አልቆ፣ "ጋሼ፣ ሌላ ካርድ ገዝተው ቢገላገሉ አይሻልም?" አልኋቸው።

"ልጄ፣ ይኼኛው ምን ሆነ?" አሉኝ። "ደኅና ነው እኮ። አፍ አጥቶ አይደለም ዝም ያለው፣ የሚያናግረው አጥቶ ነው። ደኅናውን ነገር ከጣልን ተማሪውንስ ምን ልንለው ነው?"

ሁለተኛው ፍላሽ ሲመጣ ሁለቱ ላፕቶፖች ተነጋገሩ። መምህሩ ጮቤ አልረገጡም። ደብተራቸውን አውጥተው የካርዱን ቁጥር፣ የሕመሙን ምልክት፣ ትክክለኛውን የፋይል ስምና "ሦስተኛው እትም አይሆንም" የሚለውን ጭምር ጻፉ። "ነገ የሌላ ሰው ይታመማል" አሉ።

ከዚያ ደብተር የተማርሁት አንድ ነገር ዝምታ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። የሞተ ካርድ ዝምታ አለ፤ ቋንቋ ያጣ ካርድ ዝምታ አለ፤ ካርዱም ድራይቨሩም ደኅና ሆነው መስመሩ ራሱ የተቆረጠበት ዝምታም አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ስልኩን እያጠፋ የሚያበራ፣ ሲም ካርዱን እያወጣ በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ሰው ይኖራል፤ ጥፋቱ ግን እጁ ላይ ባለው ዕቃ ውስጥ አልነበረም። አንደኛው ዝምታ የዕድሜ ነው፤ ማንም አይወቀስበትም። ሁለቱ ግን ሰው የወሰናቸው ናቸው። ሰው የወሰነውን ነገር "ዕቃው ነው፣ ምን ይደረግ" ብሎ ማለፍ የፍርድ ስሕተት ነው። ሰው የወሰነው ነገር ሁሉ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ይሰማል።

እንግዲህ የደባቂውን ምክንያት እንስማ። ክርክሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። መድኃኒት አዋቂ ዕፁን ለማንም አይናገርም። ሲያረጅ ከልጆቹ መርጦ ለአንዱ ብቻ ይነግራል፤ ያ ልጅ ካልተገኘም ይዞት መቃብር ይወርዳል። ለምን ቢባል ሦስት መልስ አለው። እንጀራዬ ነው ይላል፤ በክፉ ሰው እጅ ከገባ ይገድላል ይላል፤ ከተነገረ ኃይሉን ያጣል ይላል። ሦስተኛውን ለእምነት እንተወውና የካርድ ነጋዴዎቹ የሚያቀርቡት ሁለቱን ነው። አንደኛ፣ ካርዱን ለመፍጠር ብዙ ገንዘብ አውጥተናል፤ ቋንቋውን ብንናገር ተቀናቃኝ ይቀዳዋል። ሁለተኛ፣ የዋይፋይ ካርድ ሬዲዮ ነው፤ በየአገሩ በየትኛው ሞገድና በምን ያህል ኃይል እንደሚሠራ ሕግ አለ፤ ቋንቋውን ሁሉም ካወቀው ሕጉን የሚጥስ ይበዛል።

ሁለቱም ምክንያቶች ክብደት አላቸው፤ በቀልድ የሚታለፉ አይደሉም። ሠርቶ የሚያድር ሰው ዋጋውን ማግኘት አለበት። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ክርክር ሁለት የተለያዩ ምሥጢሮችን አንድ አድርጎ ያቀርባል። አንድ ነገር እንዴት እንደተሠራ ማወቅና እንዴት እንደሚጠራ ማወቅ አንድ አይደሉም። ድራይቨር የሚጽፈው ሰው ካርዱ ከምን እንደተቀመመ አልጠየቀም፤ የበሩን ቁጥርና የሰላምታውን ሥርዓት ነው የጠየቀው። ባለ ምግብ ቤቷ የወጧን ቅመም ብትሸሽግ መብቷ ነው፤ ሒሳብ ከተቀበለች በኋላ ማንኪያውን ብትሸሽግ ግን ሌላ ነገር ነው። የበሬው ሻጭ ነውርም እዚህ ላይ ነው። በሬውን እንዴት እንዳሳደገው፣ ምን እንዳበላው ባይናገር ማንም አይፈርድበትም። ስሙን የደበቀ ዕለት ግን፣ በሬውን ሸጧል ቢባልም፣ ያልሸጠው አንድ ገመድ በእጁ ቀርቷል። ገዢው ከንብረቱ ጋር ሳይሆን ከሻጩ ጋር ታስሮ ይኖራል።

ሁለተኛውን ክርክር ራሱ ጊዜ ፈትኖታል። በዚሁ የሬዲዮ ሕግ ምክንያት የድራይቨሩን አንድ ክፍል ዘግቶ የኖረው አቴሮስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ አደረገው፤ ሰማይ አልወደቀም። አጥፊን መቅጣት የሕግ ሥራ ነው። አንድ ሰው ቢላ ሊስትበት ይችላል ተብሎ መንደሩ ሁሉ ቢላ እንዳይዝ አይደረግም።

ይህን ስል ሌላው ወገን፣ ማለትም ሁሉ ይከፈት፣ ሁሉ ይለቀቅ የሚለው፣ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ድራይቨር ፈልጎ ኢንተርኔት ውስጥ የገባ ሰው ያውቀዋል። እውነተኛው አንድ ከሆነ በስሙ የሚነግዱት ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱም ቫይረስ የተሸከመ ነው። መስካሪ የሌለው ግልጽነት ከምሥጢር የማይሻልበት ጊዜ አለ። ታዲያ ዕውቀት ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ እንዳይበከል እንዴት ይጠበቅ?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መምህሩ ያሉበት ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመልሰው ኖሯል። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በዚያው በጋይንት ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ከድጓ ዜማ ስልቶች አንዱ ደግሞ በእስቴዋ ቆማ ስም ይጠራል። በእነዚህ ጉባኤዎች መምህሩ ለትምህርቱ ዋጋ አይጠይቅም፤ ተማሪው ማንም ይሁን፣ ከየትም ይምጣ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ እየበላ ይማራል። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አደራጁ፤ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፍ የነበረው ዜማ በየቃሉ አናት ላይ በሚጻፍ ጥቃቅን ምልክት የሚነበብ ሆነ። ምልክቱ ሚስጥር አልተደረገም። ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ምልክቱንም ይለጥፋል። ሆኖም የጻፈው ሁሉ ልክ ነው አይባልም። ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይታረማል፤ ከዚያም ይመሰከርለታል፤ ሳይመሰከርለት ወንበር አይዘረጋም።

የዚህን ሥርዓት ጥበብ ልብ በሉ። መማር ለሁሉ ነው፤ መመስከር ግን ለታረመ ብቻ። በሩ አልተዘጋም፤ ሚዛኑም አልተጣለም። ሊኑክስ ውስጥ ድራይቨር የሚገባበት መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ማንም መጻፍ ይችላል፤ የጻፈውን ግን ከእርሱ በፊት የታወቁ ሰዎች መሥመር በመሥመር አንብበው ካላረሙት አይገባም። ቤተልሔም ሊኑክስን አስተማረች ልል አይደለም። ዕውቀትን አክብሮ ለማካፈል የቆረጠ ሰው፣ በየትም አገር ቢሆን፣ ወደ አንድ ዓይነት መፍትሔ መድረሱ ግን የሚያስደስት ነው። እንግዲህ ከአንድ አገር ሁለት ባህል ወርሰናል። መድኃኒት አዋቂው አንደኛው አባታችን ነው፤ የድጓው መምህር ሁለተኛው። የትኛውን እንደምንመስል የምንመርጠው እኛው ነን።

የመጀመሪያውን ስንመርጥ የሚደርሰውን በገዛ ፊደላችን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የግዕዝ ፊደልን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የደከሙ ኢትዮጵያውያን ትልቅ ውለታ ውለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለ"ሀ" እና ለ"ለ" የራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ዛሬም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ፣ ፊደሉ በሌለበት ማሽን ላይ የከፈተ ሰው የሚያገኘው የተበታተነ የላቲን ሆሄ ነው። ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር እስኪያገኝ ድረስ፣ የጻፍነውን ለማንበብ የጻፍንበትን ነጋዴ መለመን ነበረብን። የስንት ቢሮ መዝገብ፣ የስንት ደራሲ ረቂቅ በዚያ ዘመን ዲስክ ውስጥ ዲዳ ሆኖ እንደቀረ ቤቱ ይቁጠረው። ወረቀት ላይ ቢሆን ቢያንስ ይነበብ ነበር።

ከኮምፒዩተሩ ወጥተን ወደ መሥሪያ ቤታችን ብንመለከትስ? በየቢሮው "እርሱ ከሌለ አይሠራም" የሚባል ሰው አለ። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ብቻውን ያውቃል፤ የፋይሉን መደርደሪያ ብቻውን ያውቃል፤ ማሽኑን ሲጠግን ጀርባውን ሰጥቶ ይጠግናል። ፈቃድ ሲወጣ ባለጉዳይ ሦስት ሳምንት ይመላለሳል። ይህን ሰው እንደ አዋቂ እናከብረዋለን፤ ብዙ ጊዜም ከመፍራት ነው። ሰውዬውን ብቻ መውቀስ ግን ልክ አይሆንም። ያወቀውን ጽፎ ያስቀመጠ ሠራተኛ በማግስቱ "እንግዲህ አታስፈልግም" የሚባልበት ቤት ውስጥ፣ ዕውቀቱን የደበቀው ሰው ደባቂነቱን ከቤቱ ነው የተማረው። የድጓው መምህር በነጻ የሚያስተምረው አካባቢው ስለሚያኖረው ነው፤ ተማሪውም ቁራሹን የሚያገኘው ከመንደሩ ነው። ዕውቀት እንዲገለጥ የምትፈልግ አገር የገላጩን እንጀራ ልታስብበት ይገባል። ይህን ሳያደርጉ "አትደብቁ" ማለት ስብከት ብቻ ነው።

ስለዚህ ፍርዴን ላስቀምጥ። የሠሩትን ነገር አሠራር መሸሸግ መብት ሊሆን ይችላል፤ ጊዜና ገደብ እስካለው ድረስ። የሸጡትን ወይም የሰጡትን ነገር መጥሪያ መሸሸግ ግን ከተሸጠው ነገር ላይ መልሶ መስረቅ ነው። ነገሩ ገንዘብ ሳይነካ የሚፈጸም ስርቆት ስለሆነ ሕግ ቶሎ አያየውም፤ ሕሊና ግን ሊያየው ይገባል። ያወቀ ሰው ደግሞ ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው የጻፈውን ለእርማት ማቅረብ ነው። "ይህ ሠራልኝ" የሚለው ብቻ አይበቃም፤ "ይኼኛው አይሆንም" የሚለውም መጻፍ አለበት፤ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ከአንድ የአውቶቡስ ጉዞ የሚያድነው ይኸኛው መሥመር ነውና።

በየቤታችን ጥግ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ በየትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ ለብሰው የተቀመጡት ማሽኖች ሁሉ ሞተው አይደለም። አንዳንዶቹ የሚጠብቁት ቋንቋቸውን የሚያውቅና ያወቀውን የማይሰስት አንድ ሰው ነው። ይህን ስጽፍ ግን ሐሳቤ ከማሽኖቹ አልፎ ይሄዳል። ደኅና ሆነው ሳሉ በስማቸው የሚጠራቸው አጥተው ዝም ያሉ ሰዎችም አሉን።